ጃጁራ ፀሐይ ላይ የጠፉት በሬዎች

ባለፈው ሳምንት አዲሎ ላይ መኪና ስጠብቅ፣ አጠገቤ የተቀመጠች ልጅ ስልኳ ላይ መዝሙር ታያለች። ፀሐዩ አናት ይበሳል፤ የመዘምራኑ ቢጫ ልብስ ግን ቁልጭ ብሎ ይታያል። ታምራት ትዝ አለኝ።

ታምራት የአክስቴ ልጅ ነው። ያኔ፣ የእጅ ስልክ ገና ብርቅ ሳለ፣ እኔ ጎልማሳ ነኝ፣ ጥርሴም ሙሉ ነው፤ ሆሳዕና ከተማ በሬ እነግዳለሁ። እሱ አዲስ አበባ ኮምፒውተር ተምሮ መጥቶ ሥራ አጥቶ ቁጭ ብሏል። ወንድሙ ደቡብ አፍሪካ ሆኖ ና ይለዋል። ታምራት መሄድ አልፈለገም። ለነጋዴ የሚሆን ነገር ስልክ ላይ እሠራለሁ፣ ከወደዱልኝ እዚሁ እቀራለሁ አለኝ።

እኛ በሬ ከየቤቱ ሰብስበን ስንጭን የማን የቱ እንደሆነ ይምታታል፤ ጠብ ይነሳል። አብዛኞቻችን ደግሞ ከፊደል ጋር ብዙም አንተዋወቅም። እሱ የበሬውን ሥዕል ስልኩ ውስጥ ያስገባል፤ ከጎኑ የባለቤቱን ደጅ ምልክት ያደርጋል፤ ወፍጮ፣ ዛፍ፣ ድልድይ። ለስልኩ ትእዛዝ የሚጽፍበት ቋንቋ ጃቫ ይባላል። እኔ ሀዲይኛና አማርኛ ይበቃኛል አልኩት።

የመጀመሪያው ስልክ ቀለም አያውቅም። ቀዩም ዳለቻውም ያው ጥቁር ነው። በኋላ ባለቀለም ስልክ ሱቅ ሲገባ አንድ አገኘና እንደገና ጀመረ። ስልኩ የሚያውቀው ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ብቻ ነው፤ ሌላውን ከነዚህ እየቀላቀልኩ ነው የማወጣው ይለኛል። ክረምቱን ሙሉ አጎንብሶ ዋለ። እኔ አጠገቡ በቆሎ እየጠበስኩ፣ ይሄ ዳለቻ አይደለም፣ አመድ ነው እለዋለሁ። ሳይቆጣ አጥፍቶ ይጀምራል። አንድ ቀን ሲያሳየኝ የራሴን በሬ አየሁ። ትከሻውን ያዝኩት።

መስቀል እንዳለፈ ጃጁራ ገበያ ወረድን። ሰማዩ አንድ ደመና የለበትም። ነጋዴው ተሰበሰበ፣ ታምራት ስልኩን ከፈተ፤ ምንም አይታይም። የዚያን ጊዜ ባለቀለም ስልክ ፀሐይ ሲያገኘው ባዶ መስተዋት ነው። ጋቢዬን አውልቄ ሸፈንኩት። በየተራ አንገታቸውን ያስገቡ ጀመር። አንድ ሸምገል ያለ ነጋዴ ከውስጥ ሆኖ፣ “ቡሬው በሬ ይኸው፣ ቀንዱ ሳይቀር” አለ።

ውጭ የቆሙት ግን፣ “ምንድነው፣ ሙሽራ ነው እንዴ የሸፈናችሁት?” እያሉ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ለእኔ ገበያው ደርቶ ነበር። የታምራት ፊት ግን ተለዋወጠ።

ስንመለስ መንገድ ላይ ቆጮና አይብ ፈታሁ፤ አልነካውም።

“ጋሼ፣ ገበያ እኮ የሚውለው ፀሐይ ላይ ነው።”

“ዛፍ ሥር ሄደው ያያሉ።”

“ሳቁብኝ እኮ።”

“በእኔም ይስቃሉ፤ በሬዬን ግን ይገዛሉ።”

ታምራት የሚቀጥለው ገበያ ሳይደርስ በሞያሌ በኩል ወንድሙ ጋ ሄደ።

ገበያው ሲደርስ ያ ሸምገል ያለው ነጋዴ ሁለት ጓደኞቹን ይዞ መጣ። ያ ልጅ የታለ፣ ለእኛም ይሥራልን አለኝ። ሄዷል አልኩት። ወዴት ሲለኝ በእጄ ወደ ደቡብ አሳየሁት።

አሁን እዚያ ብርድ ልብስ ይሸጣል። ትዳርም ይዟል፣ ወልዷል። ሲደውል ሰውን ሁሉ በስም በስም ይጠይቃል፤ የዚያን ነገር ግን አንስቶ አያውቅም። እኔ ሰው ፊት ለፊት የምናገር ሰው ነኝ፤ በዚህ ብዙ ሰው ተቀይሞኛል። ሰዎቹ ፈልገውህ መጥተው ነበር የምትለዋን ግን እስከ ዛሬ አልነገርኩትም። ብነግረው ምን ይጠቅመዋል ብዬ ነው። ሕይወቱን አንዴ እዚያ አድርጓል።

ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ፣ “ጋሼ፣ ገበያው እንዴት ነው?” ይለኛል።

ደህና ነው እለዋለሁ።