በአምቦ ውሃ የተዘፈዘፈው ሲሚንቶ

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ሥራ የሰጠችኝ አንዲት የዩኒቨርሲቲ መምህርት ናት። ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከመሬት በታች ቢቀበር ጉድጓዱን የሚዘጋው ሲሚንቶ ይችለው ይሆን? ጥናቷ ይሄ ነው። ጋዙ ከውሃ ጋር ሲቀላቀል ሲሚንቶን ይበላል። ጋዝ ያለው ውሃ ፍለጋ ደግሞ ሩቅ አንሄድም፤ ያለነው አምቦ ነው።

ድሮ የላብራቶሪ ቴክኒሻን ስለነበርኩ ሲሚንቶውን አቡክቼ፣ ሲደርቅ መሃሉን በቀጭኑ ሰንጥቄ፣ ክዳን ባለው ዕቃ ዘፈዘፍኩት። ውሃውን መቀየር የኔ ፋንታ ነው። «ከምመላለስ ቤቴ ይቀመጥ» አልኳት። እውነቱን ለመናገር ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ቤት ውስጥ ከኔ ሌላ የሚንሿሿ ነገር አልነበረም። ጠዋት ጠዋት በኦሮምኛ «አካም ቡልቴ፣ እንዴት አደርክ» እለዋለሁ። ጨዋ ነው፣ ወሬዬን አያቋርጥም።

«ስንጥቁ ከሰፋም ከተደፈነም ሥራችን አለቀ፤ ካልለየለት እንቀጥላለን» ብላኛለች። እኔም እንዳይለይለት ጸለይኩ። ሳይንስ እንዲዘገይ ስለት የሚሳል ቴክኒሻን አይታችሁ ታውቃላችሁ?

የሲቲ ስካን ማሽን ሳይቆርጡ ውስጥን በስስ በስሱ ከፍሎ ያሳያል። ከመምህርቷ ጋር ሲሚንቶውን ልናስነሳ ሆስፒታል ተራ ስንጠብቅ፣ ባሏን ከሸነን ያመጣች ሴት ጠየቀችኝ።

«አባባ፣ ማንን ሊያስታምሙ ነው?»

«አንድ የተሰነጠቀ ዘመድ አለኝ።»

«ውይ! ጭንቅላቱን?»

«መሃሉን።»

«እግዜር ይግጠምለት!»

አሜን አልኩ፤ ምን ልበል?

ባለሙያው ሲሚንቶውን አስተኝቶ «ትንፋሽ ይያዝ!» ብሎ ቀለደ። የያዝኩት እኔ ነኝ። ምስሉ ሲመጣ በጥቁር መስመር መታየት የነበረበት ስንጥቅ ነጭ ሆኗል።

«ጋሼ፣ ተደፍኗል! የሟሟው ኖራ ተመልሶ ሞልቶታል!» መምህርቷ ልትዘል ምንም አልቀራት።

«እንኳን ደስ አለሽ። ተመልሶ ይከፈት እንደሆነ አንድ ክረምት ብናየውስ?»

«ኧረ ጋሼ! አሁንማ ይረፉ እንጂ።»

ሲሚንቶውን ይዛ ሄደች። እኔ ባዶ ዕቃዬን አንጠልጥዬ ወደ ቤት ሳዘግም መናኸሪያው በር ላይ አንዱ ረዳት «ባኮ! ባኮ! አባባ፣ ይገባሉ? አንድ ሰው ብቻ ነው የቀረው!» አለኝ።

ባኮ የማውቀው ሰው የለም። በመስኮቱ አጮልቄ ባይ አውቶቡሱ ባዶ ነው።

ገብቼ መሃል ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። እስኪሞላ ድረስ መቼም አጠገቤ የሚቀመጥ ሰው አይጠፋም።