በአንድ ጎኗ ብቻ የምታበራ ኳስ

መጀመሪያ ያየሁት ኳሷን ነው። ጋሽ አብዱልሐሚድ ታክሲያቸው ውስጥ፣ የቡና ኩባያ በሚቀመጥበት ቦታ፣ ቀይ የቆዳ ኳስ አላቸው። አንዱ ጎኗ እንደታጠበ ቲማቲም ያበራል፤ ሌላው ሻካራ ነው። መብራት ሲይዛቸው ያነሷትና የሚያበራውን ጎን ብቻ ሱሪያቸው ላይ ያሿታል።

«ሌላውንስ?» አልኳቸው።

«ሁለቱም ካበሩማ ቀጥ ብላ ትሄዳለች። እኔ እንድትታጠፍ ነው የምፈልገው።»

እዚህ አሜሪካ፣ ኦሮራ ከተማ፣ ፒዮሪያ ስትሪት ላይ ይህን ያህል ጊዜ ጎረቤቴ ሆነው፣ ክሪኬት የሚባለውን፣ አንዱ ኳስ ወርውሮ ሌላው በዱላ የሚመታበትን ጨዋታ፣ የሚጫወት አበሻ መኖሩን አለማወቄ! የተማሩት ዱባይ አጠገብ፣ ሻርጃ ነው፣ የፓኪስታናዊ ጨርቅ ቤት ተቀጥረው። እዚያው ሻርጃ፣ ከመንገዱ ማዶ ጋሽ ጠልሀ፣ የመርካቶ ልጅ፣ ህንዳዊ ዘንድ ይሠሩ ነበር። ሁለቱም የአሠሪያቸውን ቡድን ያዙ። ህንድና ፓኪስታን ቴስት በሚባለው የአምስት ቀን ግጥሚያ ሲገናኙ፣ ሁለቱ አበሾች አምስቱንም ቀን ተኮራርፈው ይከርማሉ።

«የኛ ወርዋሪ ሲሮጥ ብታየው!» ይላሉ መሪውን ለቀው። «ከሩቅ እንደ ዝናብ ነው የሚመጣው። የነሱ መቺ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ተገትሮ አልወጣም ይላል። ያኔ ጠልሀ ሬዲዮውን ይለቅብኛል!»

ይስቃሉ። ወዲያው ፊታቸው ይጠቁራል።

ባለፈው ሰመር፣ እዚሁ ኦሮራ ፓርክ ውስጥ፣ ጋሽ ጠልሀ ይወረውራሉ፤ ጋሽ አብዱልሐሚድ፣ ተራቸውን የሚጠብቁ ሁለተኛ መቺ፣ አጠገባቸው መስመሩ ላይ ሆነው ለመሮጥ ያሰፈስፋሉ፤ ኳሷ ስትመታ ሁለቱ መቺዎች እየሮጡ ቦታ ይለዋወጣሉና። ኳሷ ከእጅ ሳትወጣ መስመሩን የለቀቀን ሰው፣ ወርዋሪው መስመሩ ጋ የተተከሉትን እንጨቶች በኳሷ ጥሎ ከጨዋታ ሊያስወጣው ይችላል። ሕጉ ይፈቅዳል። የድሮ ሰዎች ግን አስቀድመው ያስጠነቅቃሉ። ጋሽ ጠልሀ ሳያስጠነቅቁ እንጨቶቹን ጣሉ። ከዚያ ወዲህ መስጊድ በር ላይ ሳይቀር የጋሽ አብዱልሐሚድ ስም «ችኩሉ» ሆነ። ልጃቸው አፍናን እንኳ «ዳድ፣ ሁ ኢዝ ችኩሉ?» አለቻቸው።

«ለጠልሀም ስም ሳላወጣለት አልሞትም» አሉኝ።

ቅዳሜ ሦስታችንም በታክሲዋ ሄድን። ቂም እያለም ጋሽ ጠልሀን ከቤታቸው የሚያመጧቸው ጋሽ አብዱልሐሚድ ናቸው፤ ጋሽ ጠልሀ መኪና የላቸውማ። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል የጋሽ ጠልሀ ቡድን ለማሸነፍ ሁለት ሩጫ፣ ማለት ሁለት ነጥብ፣ ብቻ ቀረው። የመጨረሻዎቹ ሁለት መቺዎች ናቸው ያሉት፤ አንዱ ከወጣ አለቀ። አሁን ወርዋሪው ጋሽ አብዱልሐሚድ፣ መስመሩ ላይ ያሉት ጋሽ ጠልሀ።

ጋሽ አብዱልሐሚድ ተንደርድረው መጡ። ጋሽ ጠልሀ መስመሩን ለቀቁ። ጋሽ አብዱልሐሚድ ግን ኳሷን እንጨቶቹ አናት ላይ ይዘው ቀሩ፤ አልጣሉም።

«ጠልሀ!» አሉ፣ ሜዳው ሁሉ እንዲሰማ። «ተመለስ፣ ወንድሜ። እኔ አስጠነቅቃለሁ።»

ሰው አውካካ። ጋሽ ጠልሀ ጆሯቸው ቀልቶ ተመለሱ፤ እግራቸውን መስመሩ ላይ ቸነከሩት።

ጋሽ አብዱልሐሚድ እንደገና ተንደርድረው ኳሷን ወረወሩ። መቺው መታና «ሩጥ!» አለ። ጋሽ ጠልሀ አልተነቃነቁም። የነቁት መቺው ግማሽ መንገድ ከደረሰ በኋላ ነው። ሮጡ፤ ኳሷ ቀድማቸው ማዶ ደረሰች፤ እንጨቶቹ ወደቁ። የጋሽ ጠልሀ ቡድን ተሸነፈ።

«ሐውልቱ!» ብለው ጮኹ ጋሽ አብዱልሐሚድ። «ሐውልቱ!» አለ ሜዳው ሁሉ። ስሙ እዚያው ጸደቀ።

ጋሽ ጠልሀ ጫማቸውን እየፈቱ ሳለ፣ ጋሽ አብዱልሐሚድ ቁልፋቸውን አወጡ።

«ጋሽ ጠልሀን አንጠብቃቸውም?» አልኩ።

«ሐውልት ታክሲ ውስጥ አይገባም።»

«እንዴ! በምን ይሄዳሉ?»

«በባስ። ካሳዘነህ አብረኸው ና።»

ኳሷን ሱሪያቸው ላይ እያሹ፣ ዞር ሳይሉ፣ ወደ መኪናቸው ሄዱ።