የሱልጣን ልብ

ከለቡ መብራት ኃይል ወደ ላይ የሚወጣው ዳገት ሱልጣንን በሕይወት ሳለ ሰላምተኛ አሰኝቶት ነበር። የግንባታ ዕቃ ከሚሸጥበት ሱቅ ወደ ቤቱ ሲመለስ በየደጁ ይቆማል፤ የጎረቤቱን ጤና፣ የልጆቹን ትምህርት፣ የጀመረውን ቤት ይጠይቃል፤ መልሱንም እስከ መጨረሻው ያዳምጣል። ሰዉ በትሕትናው ይመርቀው ነበር። ቆሞ ትንፋሹን የሚሰበስብ መሆኑን የምታውቀው ሚስቱ ሐሚዳ ብቻ ነበረች። አብራው ስትሆን፣ ጨዋታው እንዳያጥር እርሷም አንድ ሁለት ጥያቄ ታክልበት ነበር።

እርሱ ካለፈ ወዲህ ሱቁን የያዘችው ሐሚዳ ናት። የብረት ውፍረት በጣቷ ዳስሳ ትለያለች፤ ከግንበኞች ጋር ስትከራከር ድምጿን ከፍ አታደርግም። ማታ በሩን ስትቆልፍ ግን፣ ቁልፉን አጠገቧ ለቆመ ሰው የምታቀብል ይመስል እጇን ወደ ጎን የመዘርጋት ልማድ እስከ ዛሬ አልተዋትም። የአንድ ልጃቸው የሀኒፋ ቁመት፣ ግንባር፣ አሳሳቅ ሁሉ የሱልጣን ነው። ያያት ሁሉ «ቁርጥ አባቷን» ይላል፤ ሐሚዳም ይህን ቃል እንደ ስጦታ ትቀበለው ነበር።

እስከ ዘንድሮ ድረስ። ዘንድሮ ሀኒፋ ከኮሌጅ ስትመለስ በዚያው ዳገት ላይ እየቆመች ጎረቤት ሰላም ማለት አበዛች። ሐሚዳ ይህን ከሱቋ በር ሆና ስታይ በማግሥቱ ሱቁን ዘግታ ልጇን ሆስፒታል ወሰደቻት።

ሐኪሙ ልጅቷን መርምሮ የልቧ ጡንቻ ጥቂት መወፈሩን ነገራቸው። መንሥኤው በደሟ ምርመራ የታየው የደም ማነስ ሊሆን ይችላል፤ ከአባቷ የወረሰችው ሕመምም ሊሆን ይችላል። የመጀመሪያው በመድኃኒት ይድናል፤ ሁለተኛው ዕድሜ ልክ አብሯት ይኖራል። አባቷን ምን አሟቸው እንደ ነበር ሲጠይቅ ሐሚዳ «ልብ» አለችው። ከዚህ ሌላ ስም አልተነገራትም። ስለዚህ ሐኪሙ የአባትየውን የልብ ምርመራ ማየት ፈለገ።

ሱልጣን የታከመው በሌላ ሆስፒታል ነበር። የዚያ ካርድ ክፍል ኮምፒውተሩ የገባው ሱልጣን ከታከመ በኋላ እንደ ሆነ፣ የድሮ ካርዶችም መጋዘን እንደ ወረዱ ነግሮ መለሳት። ከሐኪሙ ደብዳቤ ይዛ ስትሄድ ሲስተም የለም ተባለች፤ ሲስተሙ ሲመጣ ደግሞ የሱልጣን ስም በውስጡ የለም። ሁለቱ ሆስፒታሎች የሚነጋገሩበት መሥመር አልነበራቸውም፤ በመካከላቸው የምትመላለሰው መልእክተኛ ሐሚዳ ራሷ ነበረች።

በመጨረሻ የቤታቸው ቡፌ ትዝ አላት። ሱልጣን ከሆስፒታል የሰጡትን ዲስክ ከሰርጋቸው ዲስኮች ጋር ደርድሮት ነበር። ይዛ ብትሮጥ ሐኪሙ ኮምፒውተሩን አዙሮ አሳያት፤ ዲስክ የሚገባበት ቦታ የለውም። የሆስፒታሉ ማሽኖች ሁሉ እንደዚያው ናቸው፤ በፍላሽ እንዳታመጣው ደግሞ ቫይረስ ተፈርቶ ፍላሽ ተከልክሏል።

ሀና ማርያም አጠገብ ሰርግ የሚቀርጸው በንቲ የድሮ ኮምፒውተሩን አልጣለም። ዲስኩን ተቀብሎ በመሐረብ እየወለወለ፣

«እትዬ ሐሚዳ፣ ደግሞ የማንን ሰርግ ልታሳዪኝ ነው?» አላት።

«የሱልጣንን ልብ።»

በንቲ ሣቀ፤ ፊቷን ሲያይ ሣቁን ዋጠ። ማሽኑ አጓርቶ፣ ደጋግሞ አስነጥሶ ከፈተው። በጥቁር መደብ ላይ አንድ ግራጫ ነገር ይከፈታል፣ ይዘጋል። ድምፅ የለውም። ሐሚዳ የፈለገችውን ያገኘች ሰው አልመሰለችም፤ ልጇ ይህንኑ ልብ ወርሳ እንዳትገኝ በልቧ እየተማፀነች፣ ዓይኗን ወደ መሬት ጣለች። ባሏን እንዳትመስልባት ስትመኝ ይህ የመጀመሪያዋ ነበር። በንቲ የሰርግ ካሜራውን ደግኖ ምስሉን ከነእንቅስቃሴው ቀረጸና በቴሌግራም ለሐኪሙ ላከው።

በማግሥቱ ሐኪሙ ስልኩን ደጋግሞ ከተመለከተ በኋላ ቀና አለ።

«እናቴ፣ ባለቤትዎን የጎዳው የልባቸው በር ነው፤ ቫልቭ እንለዋለን። በልጅነት የጉሮሮ ሕመም የሚመጣ ነው፤ አይወረስም። የሀኒፋ ልብ አባቷን አልመሰለም።»

ሐሚዳ አልሐምዱሊላህ ብላ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ከሆስፒታሉ ሲወጡ ሀኒፋ የደም ማነስ መድኃኒቷን እያንቀጫቀጨች እናቷን ትነካካት ጀመር፤ እንግዲህ በልቤ አንቺን ነው የምመስለው፣ ከእንግዲህ ሁለታችንም ለምንከራከራቸው ግንበኞች አዘንኩላቸው አለቻት። ሐሚዳም ሣቀች።

ከሰዓት በኋላ ብቻዋን ወደ በንቲ ተመለሰች። ዲስኩን ለመውሰድ ነው ያለችው፤ ሲያቀብላት ግን አልተቀበለችውም።

«አንድ ጊዜ ክፈትልኝ፤ ትናንት አላየሁትም።»

በንቲ ወንበር ሳበላት። ምስሉ ጥቂት መትቶ ያበቃል፤ ወዲያው ከመጀመሪያው ይነሣል። ያ ልብ ሐሚዳ እንደ ለመነችው ወደ ልጇ አልተሻገረም፤ ስለዚህም ከዚህ ምስል በቀር በዓለም ላይ አንድም ቦታ የለም። ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ ያርፋል፣ እንደገና ይነሣል፤ ልክ ዳገቱን እንደሚወጣ ሰው። በንቲ እጁን ወደ ማጥፊያው ሲልክ ሐሚዳ ዓይኗን ከምስሉ ሳትነቅል የእናቱን ጤና ጠየቀችው፤ ቀጥላም የልጆቹን ትምህርት፤ ቀጥላም የጀመረውን ቤት።