የራሳችን ቤት

ከሰውየው የደረት ኪስ ቴስተር አይጠፋም። ዲላ ውስጥ አንድ ቤተሰብ ላቋቋመው የኤሌክትሪክ ሥራ ድርጅት ሃያ ሁለት ዓመት ሽቦ ዘርግቷል፤ ዘንድሮ ቤተሰቡ ድርጅቱን በአክሲዮን ለሠራተኞቹ ሲያስተላልፍ እሱም ባለድርሻ ሆነ።

የሚያበግነው የባልደረቦቹ ነገር ነው። ወናጎ ላለው ሥራ አንድ ጥቅል ሽቦ ለማውጣት እንኳ የመሥራቹን ልጅ ያስፈቅዳሉ፤ ሲመጣም ብድግ ይሉለታል።

«የራሳችን ቤት እኮ ነው! ከእንግዲህ ማንም ለማንም እንዳይነሳ!» አለ ዛሬ ጠዋት፣ ወንበሩን እየደበደበ።

ወዲያው ያ በሕፃንነቱ እሽኮኮ ይለው የነበረው የመሥራቹ ልጅ ገባ።

«ኖር! እዚህ ይቀመጡ» የሚል ድምፅ ሰማና ሊቆጣ ዞር አለ።

ባልደረቦቹ ሁሉ እንደተቀመጡ ናቸው። ብድግ ያለው እሱ ራሱ ብቻ ነው፤ ኮፍያውን አውልቆ፣ ወንበሩን በእጅጌው እየጠረገ።