ሌሊቱን የተከራየሁበት ቤት

ሌሊቱን ሙሉ ክፍት የሚያድር ምግብ ቤት እንቅልፍ በጣለው ሹፌር ኪስ የሚከብር የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። ተሳስተዋል። ደጀን ላይ፣ ከዓባይ በረሃ ሽቅብ የወጡ የጭነት መኪናዎች ሞተር ለማብረድ በሚቆሙበት መንገድ ዳር፣ እንዲህ ያለ ቤት ውስጥ አራት ዓመት ሠርቻለሁ። አስተናጋጅ ሆኜ ገባሁ፤ የሌሊቷ ወጥ ሠሪ ስትለቅ ድስቱን ተረከብኩ። የሌሊት ቤት የሚያተርፈውም የሚከስረውም በሚተርፈው ምግብ ነው። ከምሳ የተረፈ ለእራት ይሞቃል። ሌሊት የተረፈውን ግን ጠዋት የሚጠይቅ የለም።

በእኛ አገር ደግሞ የቀኑ መለወጥ አለ። ማክሰኞ ማታ የተጣደ የሥጋ ወጥ እስከ ሌሊቱ ስድስት ሰዓት ድረስ ይሸጣል። ስድስት ሰዓት ካለፈ ረቡዕ ገብቷል፤ ጾም ነው፤ ማንም አይነካውም። ሐሙስ ማታም ለዓርብ እንደዚሁ ነው። በእነዚህ ሁለት ሌሊቶች አምስት ሰዓት ተኩል ሲሆን ቢላዋውንና መክተፊያውን በአመድና በፈላ ውሃ አጥቤ የጾሙን ዕቃ አወጣ ነበር። ግማሽ ሰዓት የማስቀድመው ሰዓታቸው የሚቀድም ሹፌሮች ስላሉ ነው።

አንድ ማክሰኞ ማታ አንድ ሹፌር ስልክ ደውሎ ብዙ መኪና ተከታትሎ ወደ በረሃው መውረዱን ነገረኝ። አራት ሰዓት ላይ ይደርሳሉ ብዬ በትልቁ ድስት ቅቅል ጣድኩ። ስህተቱ የእኔ ነው። አንድ ተሳቢ መታጠፊያ ላይ ተበላሽቶ መንገዱን ዘጋው፤ መኪኖቹ ደጃችን የደረሱት ሰባት ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። ሰዎቹ ከምሳ ወዲህ እህል አልቀመሱም። አንደኛው ክዳኑን አንሥቶ እንፋሎቱ ፊቱን እስኪያረጥበው ድረስ ድስቱ ላይ ጎንበስ ብሎ ቆየ። ከዚያ በገዛ እጁ መልሶ ከደነው። ያዘጋጀሁት ሽሮ ለስድስት ሰው እንኳ በቅጡ አልበቃም። የቀሩት ዳቦ በሻይ በልተው ሄዱ።

የቤቱ ባለቤት ጠና ያሉ ሴት ናቸው፤ እትዬ ነው የምላቸው። ጠዋት መጥተው ድስቱን አዩት። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ከሚመጣው ሰኞ ጀምሮ ቤቱ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ እንደሚዘጋ፣ ዘበኛ እንደሚቀጥሩ፣ የቀኑ ሥራ ደግሞ ሠሪ እንዳለው ነገሩኝ። ሥራዬ አለቀ ማለት ነው።

ሦስት ቀን አሰብኩበት። በአራተኛው ቀን፣

«እትዬ፣ ሌሊቱን ያከራዩኝ» አልኳቸው።

«ሌሊት ደግሞ ይከራያል እንዴ? ጨረቃዋን ጨምሬ ነው ሳልጨምር?» ብለው ሳቁብኝ።

ሳቃቸውን እስኪጨርሱ ጠብቄ አስረዳኋቸው። ከማታ ሦስት ሰዓት እስከ ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት ወንበሩም ምድጃውም ሥራ ፈት ነው። እኔ እዚያ ካደርኩ የዘበኛ ደሞዝ ይቀርላቸዋል። እንጨቱን በራሴ እገዛለሁ፣ ኪራዩን በየሳምንቱ እከፍላለሁ፣ ጠዋት ሲመጡም እሳቱ ነድዶ፣ የሻዩ ውሃ ፈልቶ ያገኙታል። ከጥቅምት እስከ ፋሲካ ተስማማን። ወረቀቱን እኔ ጻፍኩት፤ ጎረቤታችን ጎሚስታው ምስክር ሆኖ ፈረመ።

ሥጋን ተውኩት። ሰባቱንም ሌሊት ሽሮ ብቻ ሆነ። ለአንድ ሰው ግማሽ የሻይ ብርጭቆ ዱቄት፣ ሦስት ብርጭቆ ውሃ፣ ዘይት፤ ቅቤ በፍጹም አይገባበትም። ሰው ሳይቀመጥ አልጥድም። ዱቄት ወር ቢቀመጥ አይበላሽም፤ ቀኑም ስድስት ሰዓት ላይ ቢለወጥ አይከለክለውም። የተረፈው እንጀራ ንጋት ላይ ፍርፍር ይሆናል። ዋጋው የቀን ዋጋ ነው፤ ሹፌሮች ስልክ አላቸው፣ አንዱን ካታለልክ ሁሉም አይቆሙልህም።

የገና ጾም ሲገባ ሁሉም ቤት እንደ እኔ ሆነ። ጎሚስታው ግን ጾሙ ሲፈታ ሥጋ ካልሠራሁ እንደምዘጋ አስጠነቀቀኝ። ጾሙ ተፈታ፤ አልሠራሁም። ያን ሰሞን አንድ የሲሚንቶ መኪና ሹፌር ገብቶ የፍስክ ምግብ ጠየቀኝ፤ የለም አልኩት።

«ገዳም ነው የከፈትክብን በለኛ። አባ፣ እስቲ መቁነኔን ስጠኝ» አለና ረዳቱን አሳቀ።

ሽሮ ጣድኩለት። በዐሥር ደቂቃ ቀረበለት፤ ጨርሶ ደገመ። በሳምንቱ ሦስት መኪና አስከትሎ መጣ።

ጥር ሳያልቅ እትዬ በሌሊት መጡ። ደጁ ላይ የተደረደሩትን መኪኖች በእጅ ባትሪያቸው አንድ በአንድ እያበሩ አዩ። ከዚያ ገብተው ሌሊቱን መልሰው መያዝ እንደሚፈልጉ፣ እኔንም ከበፊቱ ጨምረው በደሞዝ እንደሚቀጥሩኝ ነገሩኝ። እምቢ አልኩ።

«ቤቱ የማን እንደሆነ ጠፋህ?»

«ቤቱ የእርስዎ ነው፣ እትዬ። ሌሊቱ ግን እስከ ፋሲካ የእኔ ነው።»

በሕይወቴ ለትልቅ ሰው እንዲህ ብዬ መልሼ አላውቅም። በጠዋት ጎሚስታውን አስጠሩት። እጁን በጨርቅ እየጠረገ መጣና መፈረሙን እንደማይክድ ተናግሮ ወደ ጎማው ተመለሰ። እትዬ በዚያው ቀን የውሃውን በርሜል ጓዳ አስገብተው ቆለፉበት። እኔም ሁለት ጀሪካን ገዝቼ ከቦኖ መቅዳት ጀመርኩ። በሦስተኛው ቀን ወንበሮቹን ቆለፉ፤ ሹፌሮቹ የሽሮ ሳህናቸውን ይዘው ቆመው በሉ። ቆመውም እንደሚበሉ ሲያዩ በአራተኛው ቀን ወንበሮቹን መልሰው አወጡ፤ በርሜሉ እንደተቆለፈ ቀረ።

ከፋሲካ በኋላ ኪራይ ይጨምሩብኝ ይሆናል፣ ወይም ለሌላ ሰው ያከራዩት ይሆናል። መብታቸው ነው። ከመንገዱ ማዶ ማታ በሦስት ሰዓት የሚዘጉ ሁለት ቁርስ ቤቶች አሉ። የአንደኛውን ምድጃ አይቼዋለሁ፤ ጭስ መውጫው መጠገን አለበት እንጂ ለሽሮ ይበቃል። በደሞዝ ግን አልመለስም።