የሰፈራችን የፊልም ዕቁብ

በእኛ ሰፈር ፊልም የሚመጣው በአውቶቡስ ነበር። አዲስ አበባ፣ አውቶቡስ ተራ አካባቢ አንድ የሲዲ አከራይ ነበር። ሰውየውን አንዳችንም በዓይናችን አይተነው አናውቅም፤ የምናውቀው ድምፁን ብቻ ነው። በአማርኛ የተተረጎመ ተከታታይ ፊልም በወጣ ቁጥር በካኪ ፖስታ ያሽግና ለደሴ አውቶቡስ ረዳት ይሰጠዋል፤ ረዳቱም ከሹፌሩ ወንበር ጀርባ ይሰካዋል። ፖስታው ጣርማ በርን ተሻግሮ፣ ደብረ ሲና ላይ ተሳፋሪው ቆሎውን ገዝቶ እስኪመለስ ጠብቆ፣ ቁልቁለቱን ወርዶ ሸዋ ሮቢት መናኸሪያ ሲደርስ እንደ ትልቅ እንግዳ ተቀባይ ይወጣለታል። ያየነውን ደግሞ ሽቅብ በሚወጣው አውቶቡስ እንመልሳለን። መንገድ ላይ ሙቀቱ አጣሞት የሚቀር ሲዲ አይጠፋም። እሱ ማሽላ መሃል ይንጠለጠልና ወፍ ያባርራል። ከፊልሞቹ አንዳንዶቹ ያለ ጥርጥር እዚያ የተሻለ ሥራ ሠርተዋል።

ፊልሙን የሚያስመጣው ዕቁብ ነው። ስምንት ሴቶች ናቸው፤ ግማሾቹ ሙስሊሞች፣ ግማሾቹ ክርስቲያኖች። ሰብሳቢ አላቸው፣ ዳኛ አላቸው፣ በዕጣ የተያዘ ተራ አላቸው። ሲዲው አንድ ቤት ይታይና ወደ ቀጣዩ ይሻገራል፤ አንዱ ሲሻገር ሌላው ይከተላል፤ ስለዚህ በየሁለት ሦስት ቀኑ በየአጥሩ የሚተላለፍ ነገር አይጠፋም። ደንቡ ጥብቅ ነው። ሲዲው ለልጅ አይሰጥም፤ ከባለቤቲቱ ለባለቤቲቱ፣ እጅ በእጅ ነው። ያየችም ላላየችው መጨረሻውን አትናገርም። ሙስሊሞቹ ወላሂ ብለው፣ ክርስቲያኖቹ በማርያም ብለው ምለዋል። አንዷ ሠርግ ቤት ሽንኩርት ስትልጥ እንባዋ ቢወርድ፣ «ለሽንኩርቱ አይደለም፣ ልጅቷ ስለምትሞት ነው» ብላ አመለጣት። ዳኛዋ እዚያው፣ ቢላዋው ከእጇ ሳይወርድ፣ ከተራው መጨረሻ አስቀመጠቻት። እኔ በሀገሬ እንደዚያ ባለ ፍጥነት የተፈጸመ ፍርድ ሌላ አላየሁም።

እናቴ ከዕቁብተኞቹ አንዷ ናት። የማሾ ነጋዴ የነበረው አባቴ ከሞተ ጀምሮ ብቻዋን ነው የምትኖረው። ወንድሜ አዳማ ነው፣ እኔ ሴት ልጇ ደግሞ አዲስ አበባ። «ነይ፣ ከእኔ ጋር ኑሪ» ስላት፣ «እዚያ ሰው ከብርዱ የተነሣ እጁን ከኪሱ አውጥቶ ሰላም አይልም» ትለኛለች። ታዲያ አንድ ቀን አንድ ነገር ብትሆን ቀድሞ የሚያውቅ ማን ነው? የሚያሳስበኝ ይህ ነበር። የቅርቡ በር የጎረቤታችን በር ነው። ጎረቤታችንና እናቴ ደግሞ ተኳርፈዋል።

«ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል» ይባላል። ተረቱን ያወጣው ሰው አጥሩ ላይ የተንጋለለ የማንጎ ዛፍ አልነበረበትም።

ዛፉ የጎረቤታችን ነው፤ ቅርንጫፉ ግን እኛ ግቢ ነው። ነፋስ ያወረደው ማንጎ የማን ነው? ሽማግሌ ተቀመጠ። አንደኛው «ሥሩ ያለበት ይውሰድ» አሉ። ሁለተኛው «ጥላው ያረፈበት ይውሰድ» አሉ። ሦስተኛው ማንጎውን ቀመሱና ጉዳዩ በደንብ መታየት እንዳለበት ገልጸው ለሌላ ቀን ቀጠሩ። በሚቀጥለውም ቀን ቀመሱ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ።

ነገሩ የማንጎ ብቻም አልነበረም። ጎረቤታችን ደብረ ሲና ተወልዳ በትዳር ወደ ቆላ የወረደች ናት። እዚሁ ወልዳ፣ እዚሁ ድራ፣ ዛሬም በየማለዳው ወደ ውጭ ብቅ ስትል ሙቀቱን ትናንት እንደተጀመረ ነገር ትረግመዋለች። እናቴ የይፋት ልጅ ናት፤ አያቶቿ አርጎብኛ ይናገሩ ነበር። ሙቀቱን የሰደበ እሷን የሰደበ ይመስላታል። ከማንጎው በኋላ «አንቺ» መባባሉን ትተው «አንቱ» ተባባሉ። ሁለት እኩያ ሴቶች ድንገት አንቱ ከተባባሉ ተከባበሩ ማለት አይደለም፤ ሰዉ ከመሃላቸው ቢወጣ ይሻለዋል ማለት ነው።

ዕጣው ግን ይህን ሁሉ አያውቅም። ጎረቤታችንን ከእናቴ ቀጥሎ አስቀምጧታል። ዕቁብ ደግሞ በኩርፊያ አይተውም። ስለዚህ ሁለቱ በየሁለት ሦስት ቀኑ አጥሩ ጋ ይገናኛሉ። ሰላምታ የለም። የፊልም ሂስ ግን አለ፤ ሁለቱም የጨረሱትን ክፍል ማንሳት ደንቡ አይከለክልም።

«ያቺ አማቲቱ፣» ትላለች እናቴ ሲዲውን በአጥሩ ላይ እያሻገረች፣ «የሰው ደጅ ስትቆጣጠር እኮ ነው የገዛ ቤቷ የነደደው።»

«እሱስ ልክ ኖት፣» ትላለች ጎረቤታችን ተቀብላ። «እኔን የገረመችኝ ግን ሠራተኛዋ ናት። የሰው ወርቅ ለቅማ፣ ወድቆ አገኘሁት አትልም?»

«ወድቆ ካገኘችው ምን ታድርገው? ይበስብስ?»

«ለባለቤቱ ትመልሳ፣ እትዬ።»

«ባለቤቱ ቅርንጫፉን ይሰብስባ፣ እትዬ።»

ፊልሙ ውስጥ ቅርንጫፍ የሚባል ነገር የለም። ወርቅ ሲበሰብስም አላየሁም። ሁለቱ ግን በዚህ መንገድ ሙሉ የማንጎ ወቅት ሲከራከሩ አንድም ቀን ማንጎ የሚለውን ቃል አላነሡም።

አንድ ጊዜ ክረምቱ ወጥቶ ወባው ሲገባ እናቴን ጣላት። እኔ እደውላለሁ፣ ስልኩ ይጮሃል፣ አይነሣም። «ሶላት ላይ ትሆናለች» እያልኩ ራሴን አታልላለሁ፤ የምን የማያልቅ ሶላት ነው? በዚህ መሃል የጎረቤታችን ተራ ደረሰ፤ ሲዲው ግን አልመጣም። እሷም መብቷን ልታስከብር ተነሣች። በሩን ደበደበች፣ መልስ ስታጣ ገፍታ ገባች፣ እናቴን ብርድ ልብስ ውስጥ ስትንቀጠቀጥ አገኘቻት። የተነገረኝን ነው የምናገረው፤ መጀመሪያ ሲዲውን ከዴኩ አወጣች፣ ቀጥላ እናቴን ከአልጋው። ባጃጅ አስጠርታ፣ «ምን ዓይነት ሰው ኖት፣ ሲታመሙ አይጣሩም?» እያለች እየተቆጣች ጤና ጣቢያ አደረሰቻት። ሐኪሙ አንድ ቀን ብትዘገይ ኖሮ ነገሩ ሌላ ነበር አለ። እናቴ ድና ስትመለስ ምስጋናዋን ወንድሜ በስልክ እንዲያደርስላት አዘዘችው። ቃሉ ከእኛ ግቢ አዳማ ሄዶ፣ ከአዳማ ተመልሶ አጥር ማዶ ገባ። ማንጎው ግን ባለበት ነበር።

ከዚያ ወዲያ ሲዲው ለእኔ ፊልም መሆኑ ቀረ። እሱ እስከዞረ ድረስ እናቴን የሚያይ ዓይን አለ። አከራዩን በጸሎቴ ማሰብ ጀመርኩ።

አከራዩ ግን ለዒድ እናቴ ዘንድ በወረድኩበት ሰሞን ደወለ። «ሲዲ አበቃ። ሰዉ በስልኩ ነው የሚያየው። ሱቁን ጁስ ቤት እያደረግሁት ነው» አለ። ሰብሳቢያችን ይህን ስትሰማ «ኢና ሊላሂ» ብላ ተቀመጠች። አማራጭ ለመፈለግ ጠቅላላ ጉባኤ ተጠራ። የሞባይል ጥገና ሱቅ ያለው ጎልማሳ በባለሙያነት ተጋብዞ መጣና ጉሮሮውን ጠረገ።

«አሁን ፊልም ቤት ገብቶ አይቀመጥም፣ እናቶቼ። በኢንተርኔት ይፈሳል፤ እናንተ ሲያልፍ ታያላችሁ።»

«እንደ ሮቢ ወንዝ?» አለች እናቴ።

«ልክ እንደሱ!»

«ሮቢ እኮ በበጋ የለም።»

ባለሙያው ይህ ጉዳዩን የማይመለከት ጥያቄ ነው አለ። በሳምንቱ የሁሉም የኢንተርኔት ጥቅል አልቆ፣ ፊልሙ ከግማሽ ላይ ቆሞ፣ አንዲት ተዋናይ አፏን እንደከፈተች ቀረች።

ቀጥሎ ሳውዲ ያለ የአንዷ ዕቁብተኛ ልጅ ፊልም በኢንተርኔት የሚያሳይ የውጭ አገር ድርጅት አባልነት ከፈለላቸው። የይለፍ ቃሉ ምሥጢር ነው ተባለ። ምሥጢሩን ለስምንት ሴቶች ማድረስ ስላለባት ሰብሳቢዋ ቃሉን ከደጇ ቆማ ጮክ ብላ አነበበችው፤ ሰፈሩ በሙሉ ሸመደደው። ድርጅቱ በአንድ ጊዜ ከሁለት ቤት በላይ አያሳይም፤ ዕቁብ የሚባል ነገር አያውቅም። ከሳውዲ ተከፍሎ ሸዋ ሮቢት ውስጥ ሰፈር ሙሉ ሰው የሚገባበት ቤት አይቶ ደነገጠ መሰለኝ፣ ዘጋቸው። ማንም አላዘነም። ፊልሞቹ አማርኛ አይናገሩም ነበር።

ከዚያ ግማሾቹ ዲሽ ተከሉ። ዲሽ ግን የሰው ፊት አያይም፤ መብራት ሲጠፋ ታሪኩ ይቀጥላል፣ መብራት ሲመለስ ልጅቷ አግብታ ወልዳ ትጠብቅሻለች። የቀሩት ባለሙያው ሱቅ እየሄዱ በሚሞሪ ማስጫን ጀመሩ። ዕቁቡ ፈረሰ። ሰብሳቢዋ የስንብት ንግግር አደረገች፣ ዳኛዋ አለቀሰች፣ ሁሉም ቤቱ ገባ።

ድሮ ሰፈሩ ሁሉ አንድ ክፍል ላይ ነበር። አሁን ወፍጮ ቤት ሁለት ሴቶች ሲገናኙ፣ «ስንተኛው ላይ ነሽ?»፣ «ዘጠነኛው»፣ «እኔ ሠላሳኛው»፣ «በይ ዝም በይ!» ይባባሉና ፊታቸውን አዙረው ዱቄታቸውን ይጠብቃሉ።

እኔም በበኩሌ ለእናቴ ደህና ስልክ ገዛሁላት። መሥሪያ ቤቴ ስለ ዘመናዊነት ስብሰባ የማይታክተው ነው፤ እኔም ሳይጋባብኝ አልቀረም። እናቴ በጥቂት ቀን ለመደችው። ፊልሟን በጆሮ ማዳመጫ፣ ጋደም ብላ፣ ብቻዋን ታያለች። «ጎረቤትሽስ?» ብዬ ስጠይቃት፣ «ዲሽ ተክላለች። ማታ ማታ ድምፁ ይሰማል፣ ደህና ናት መሰለኝ» ትላለች። ደህና ናት መሰለኝ! አጥሩ ጋ የሚያገናኝ ነገር ጠፍቶ ሁለቱ ሴቶች በድምፅ ማጉያ ነበር የሚተዋወቁት። ተናደድኩ፤ በማን እንደምናደድ ግን አላወቅሁም። በጁስ ቤቱ ባለቤት ነው?

ዘንድሮ ደግሞ ወባው ሲጀምር አንድ ቀን ደወልኩ። አይነሣም። ከምሳ በፊት ደወልኩ፣ ከምሳ በኋላ ደወልኩ። አለቃዬን ሳላስፈቅድ ቦርሳዬን አንሥቼ ወደ መኪና ተራ ወጣሁ። ታክሲ ውስጥ ሆኜ እንደገና ስሞክር ተነሣ።

«ሃሎ! አንቺ ነሽ? ፊልሙን አቋረጥሽብኝ እኮ!»

የጎረቤታችን ድምፅ ነበር።

«እትዬ! እናቴ ምን ሆነች?»

«ምን ትሆናለች? ቤቷ ናት፣ ልብስ እያሰጣች። ከዚህ ትታየኛለች።»

«ስልኳ እንዴት አንቱ ጋ መጣ?»

«ዲሼን ነፋሱ አዙሮት ሰሞኑን ያለ ፊልም ነበርኩ። ድምፁ ጠፋባት መሰለኝ፣ ትናንት አጥሩ ጋ መጥታ ጠራችኝ። በመሐረብ ጠቅልላ ሰጠችኝና፣ ተረኛ ነሽ፣ ነገ ማታ ትመልሻለሽ ብላኝ ሄደች። ክፍሎቹን ሁሉ ብቻዋን ጨርሳ አብሯት የሚያማ ሰው አጥታ ኖሯል።»

ደስታዬና ንዴቴ አንድ ላይ መጡ። ንዴቱ ቀደመ።

«እትዬ፣ እኔ ስልኩን የገዛሁላት እኮ አንድ ነገር ብትሆን እንድትደውልልኝ ነው! አሁን ቢያማት በምን ትደውልልኛለች?»

 

«ደውላልሽስ ምን ታደርጊላታለሽ?» አለችኝ። «አንቺ ጣርማ በርን እስክትሻገሪ እኔ ጤና ጣቢያ አድርሻት እመለሳለሁ። ዛሬ ማታ ስልኬን አምጪ ብላ ካልመጣች በሯን ሰብሬ እገባለሁ። በይ አሁን ዝጊው፣ ያቺ አማቲቱ ልትያዝ ነው።»

ዘጋሁት፤ ከታክሲውም ወረድኩ። እናቴ አሁንም ስልኳን በየሁለት ሦስት ቀኑ ታውሳለች። ቀኑን ሙሉ ደውዬ ሳላገኛት የዋልኩ ዕለት እንቅልፌን ጠግቤ እተኛለሁ።