ወይዘሮ ይመኙሻል የመረመሩት ባለ አንድ ሞተር

ወይዘሮ ይመኙሻል አንኮበር ተወልደው፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የአውሮፕላን ሞተር ሲፈቱና ሲገጥሙ ኖረው፣ በጡረታ ደብረ ብርሃን የገቡ ሴት ናቸው። ሰፈሩ «ኢንጂነሯ» ይላቸዋል። የማያውቃቸው በንግግራቸው ይቀየማል፤ የሚያውቃቸው ግን ይኮራባቸዋል፣ ቢኮራም አይፈረድበትም።

ባለፈው ጥቅምት የአረርቲው ነጋዴ ቃለ አብ ለሰብል መድኃኒት መርጫ ያገለገለ ባለ አንድ ሞተር ተርቦፕሮፕ፣ ማለትም በተርባይን የሚሠራ አውሮፕላን፣ ሊገዛ አሰበና እንዲያዩለት ጠራቸው። ሲገዛ የምታበረው የገዛ ልጁ ፋሲካ ናት። ሻጩ ታደለ አውሮፕላኑን ከደብረ ብርሃን ወጣ ብሎ ካለ የአፈር ማኮብኮቢያ አሳርፎ፣ ድንኳን ተክሎ፣ የመዘዞ በግ አሳርዶ ጠበቃቸው። አዲስ የተቀባው ቀለም ዓይን ይወጋል።

ቃለ አብ በላ፣ ጠጣ፤ ከዚያ ምላሱ ታሰረ። የሰው ማዕድ ቀምሶ «ሞተሩን ክፈትልኝ» ማለት እንዴት ይሆናል? ይሉኝታ ቀፍድዶ ያዘው። ወይዘሮ ይመኙሻል ግን እጃቸውን እንኳ አልታጠቡም።

«እንዴ እትዬ፣ ማዕድ ይገፋል?» አለ ታደለ ቅር ብሎት።

«መጀመሪያ ሞተሩን ልየው። ሁለት ቢኖረው አንዱ ሲቆም በሌላው ይመለሱ ነበር። ይሄ ያለው አንድ ነው።»

የጥገና መዝገቡን አስመጡ። የስምንት ወር ገጽ የለም።

«በቤት ለውጥ ጊዜ ጠፍቶ ነው» አለ ታደለ።

«ያልተመዘገበ ጥገና እንዳልተሠራ ነው የሚቆጠረው» አሉና ጫፉ ላይ ካሜራ ያለበትን ቀጭን ገመድ ወደ ሞተሩ ሆድ አስገቡ። የተርባይኑን ምላጮች አሸዋ በልቷቸዋል። በአንዱ ሥር ደግሞ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አለች።

«ዛሬ ጠዋት በርሮ መጣ እኮ!» አለ ታደለ።

«መምጣቱንማ አየሁ። ሲመለስ ግን ሰው እንዳይሳፈርበት፤ ተፈታትቶ በመኪና ይጫን።»

ፋሲካ ገመዱ ከተያያዘበት ስክሪን ላይ ስንጥቋን አየች። በሚቀጥለው ሰኞ ልትነሳበት የነበረ ሞተር ነው።

«እትዬ፣ ሰው አፍሬ ልጄን ልገድላት ነበር» አለ ቃለ አብ።

«እኔን ስትጠራ አላፈርክም፤ እሱ ይበቃል» አሉትና ገመዱን ለፋሲካ አቀበሏት። «ሌላ አውሮፕላን ሲገኝ የምትመረምሪው አንቺ ነሽ። ነይ፣ አያያዙን ላሳይሽ።»